የአስካል ረጅም ጸሎት

ከኮልቾ መንደር አጠገብ፣ ኦሞን ቁልቁል በሚያየው ባለ አምስት ኮከብ ሎጅ፣ ከወንዙ አዞዎች በቀር ፈገግ የማይል አልነበረም። ከጂንካ የመጣው ጡረተኛ መምህር ዶላሞ ግን ለቅዳሜ ምሳ ኩምትር ብሎ ብቻውን ተቀመጠ። ቦታውን ያስያዙት ለሁለት ነበር፤ ሚስቱ አስካል ከሞተች ወር ሆናት።

አስካል ማዕድ ላይ ስትጸልይ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በስም ካልጠራች አታበቃም። በመጨረሻው ምሳቸው፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ወጡ በረደ እኮ!" ብሎ አቋረጣት። የዚያኑ ቀን ማታ ዐረፈች። ያላስጨረሳት ጸሎት ጉሮሮው ላይ እንደ አጥንት ተሰንቅሮ ቀረ።

አስተናጋጇ ናርዶስ የተጠበሰ ዓሣ ይዛ መጣችና አንገቷን ደፍታ ቆመች።

"አስቀምጪው እንጂ ልጄ፤ ምነው?"

"ይጨርሱ ብዬ ነው ጋሼ፤" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ፊት ለፊቱ ወዳለው ባዶ ወንበር በአገጯ እያመለከተች። "እትዬ እየጸለዩ አይደል?"

ዶላሞ ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

"ተያት፤" አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። "ይብረድ።"

ዓሣው በረደ። ናርዶስ በመጨረሻ "አሜን" ብላ ቀና አለች።

"ታድለው ጋሼ! ለጉልበትዎ እንኳ ሳይቀር ጸለዩልዎ።"

ጉልበቱን ያመመው ከቀብሯ ወዲህ ነበር፤ ለማንም አልተናገረም።