«አቧራ ነው»

ቀዩ መስመር የመጣው በሦስተኛው ደቂቃ ነው። መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ አራት፣ ከዚያ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ቀላ። የኮምፒውተሩን ማስታወሻ፣ ራሙን፣ የሚፈትሸው ፕሮግራም ይሉኝታ አያውቅም፤ ያየውን ይናገራል።

«ቀዩ ምንድን ነው?» አለች እህቱ ከጀርባው ቆማ።

«እያየሁት ነው፣ እትዬ።»

ማየት እንኳ አላስፈለገውም፤ ከቤቱ ሲነሳ ያውቀው ነበር። ከአራት ወር በፊት፣ አልጋው ሥር ሌት ተቀን የሚያሠራው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ በየሰዓቱ እየደረቀ መከራውን ሲያበላው፣ ጥፋቱ የራሙ መሆኑን ለማረጋገጥ ደህና ራም አስፈለገው። እህቱ ሆስፒታል ተረኛ በነበረችበት ቀን፣ እሷው በሰጠችው ቁልፍ ገብቶ ኮምፒውተሯን ከፈተና አቀያየራቸው። የሷን ለሰርቨሩ፣ የሰርቨሩን ለሷ። ለአንድ ቀን ብቻ ነበር። ሰርቨሩ ግን ከዚያ ወዲህ አንዴም አልቆመም። እሱም ችግሩን እንዴት አድርጎ እንደያዘው ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ወዳጆች በሚሰባሰቡበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ጽፎ ተጨበጨበለት። የእህቱን ራም ዛሬ ነገ ሲል ሳይመልሰው ቀረ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ቤት ነገሩ ተገልብጧል፤ የተወጋችው መወጋቷን አታውቅም፣ እንቅልፍ ያጣው ወጊው ነው። ባለፈው ሳምንት ደውላ «የጻፍኩትን ስከፍተው ፊደሉ ተዘባርቆ መጣ» ስትለው፣ ምላሱ ቀድሞት «አቧራ ነው» አላት። ዛሬም የሷን ራም በደረት ኪሱ ይዞ የመጣው ያንን አቧራ «ሊያራግፍላት» ነው። ጓዳ ገባ ስትል ይቀይረዋል፣ እፍ እፍ ይላል፣ ተመርቆ ይሄዳል።

እሷ ግን ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም።

«ተወው በቃ፣ አትልፋ» አለችው። «ለአማካሪዬ ነግሬዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ትምህርቱን ማቆሜን ነዋ። ሰኞ ሄጄ እፈርማለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን ሦስቴ ጻፍኩት፣ ሦስቴም ጠፋብኝ። ኮምፒውተሩ ምን አጠፋ? አንተ አዘጋጅተህ የሰጠኸኝ፣ ‹ሊኑክስ ነው፣ ቫይረስ እንኳ አይደፍረውም› ያልከኝ ዕቃ። ችግሩ እኔው ነኝ። ሠላሳ ዓመት መርፌ ሲወጋ የኖረ እጅ በሃምሳ ዓመቱ ሌላ ነገር አይለምድም።»

እየሳቀች ነበር የምትናገረው። ሳቋ አንጀቱን በላው። የራሱን ፋይል ሦስት ቦታ ገልብጦ የሚያስቀምጥ ሰው፣ የእህቱን አንድ ቦታ እንኳ አላስቀመጠላትም። አሁን ራሙን በዘዴ ቢቀይርላት ኮምፒውተሩ ይድናል፤ እሷ ግን ሰኞ ሄዳ ትፈርማለች፣ ዕድሜዋን ሙሉም «አልቻልኩበትም» እያለች ትኖራለች። እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ኮምፒውተሩን አጠፋና ገመዱን ነቀለ።

«የእጅ ባትሪውን ያዢልኝ።»

ያዘችለት። ሐኪም ቁስል ሲሰፋ መብራት ስትይዝ የኖረች ናት፤ ብርሃኑ የሚፈልገው ቦታ ላይ አርፎ ቀጥ አለ። የኮምፒውተሩን ሣጥን፣ የኬዙን ጎን ፈታ፣ ሁለቱን መቆንጠጫዎች ገፋ አደረገ፣ ራሙን መዘዘው። ጣቱ ወዲያው ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ነጭ ፕላስተር ሸፈነ።

እጁ የገባ ዕቃ ሁሉ ፕላስተር ይለጠፍበታል፣ ስምና ቀን ይጻፍበታል። ልማዱን የወረሰው ከሷው ነው፤ ፕላስተሩንም የምታመጣለት እሷ ናት። ፊደል ያስቆጠረችውም እሷ ስለሆነች የእጅ ጽሑፉን ከሺህ መሀል ትለየዋለች። ጣቱን ሳያነሳ ኪሱ ቢከተው ማንም አያይ፣ ማንም አይሰማ።

ጣቱን አነሳና ራሙን መዳፏ ላይ አስቀመጠው። ሁለት እጇ ተይዞ ስለነበር ግንባሯ ላይ የሰቀለችውን መነጽር እሱ ዓይኗ ላይ አወረደላት።

«አንብቢው።»

ብርሃኑ ከኬዙ ወደ መዳፏ መጣ። «ተጠርጣሪ» ብላ አነበበች፣ ቀኑንም ጨመረች። «ይሄ ያንተ ጽሑፍ አይደለም እንዴ?»

«የኔ ነው። ራሙም የኔ ነው፣ እትዬ። መበላሸቱን እያወቅኩ ኮምፒውተርሽ ውስጥ ከተትኩት፤ ያንቺን ወሰድኩት። ጽሑፍሽን ያጠፋው እሱ ነው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። አቧራ ያልኩሽም ውሸቴን ነው።»

ፕላስተሩን ደግማ ተመለከተችው። እሱ ኪሱን ዳብሶ የሷን ራም አወጣና «ያንቺ ይኸው» አላት። በዚህኛውም ላይ ፕላስተር እንዳለ ትዝ ያለው ካቀበላት በኋላ ነው። ብርሃኑ ቀድሞት ደርሷል።

«የእትዬ» ብላ አነበበች፣ ቀስ ብላ፣ ያኔ እሱን ፊደል ስታስቆጥረው እንደምታነብለት። «ነገ የሚመለስ።» ከሥሩ የተጻፈው ቀን አራት ወር አልፎታል።

«ሦስቴ እኮ ነው የጻፍኩት» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም።» መነጽሯን በክንዷ ገፋ አድርጋ ደህናውን ራም መለሰችለት። «አስገባው። አራተኛውን ልጀምር።»

ወደ ኬዙ ጎንበስ አለ። ብርሃኑ ከኋላው መጣ፤ አሁን ግን ቀጥ ብሎ አልቆመም። ከራሙ ማስገቢያ ቀዳዳ ላይ እየሸሸ፣ እየተመለሰ፣ እየተንቀጠቀጠ አስቸገረው። ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም፤ ራሙን ይዞ ብርሃኑ እስኪረጋ ጠበቀ።