የመጨረሻዋ ቁልፍ

የአዛውንቱ ልብስ ሰፊ ጣቶች የሸሚዛቸው የመጨረሻ ቁልፍ ላይ ሲንቀጠቀጡ፣ ተንከባካቢያቸው እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ጠበቀች። ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ የመኪናዋን ቁልፍ ታንቃጭል ጀመር።

“ረፈደብኝ እኮ! ቆልፊለት በቃ!”

“ልብስ ሰፊው እሳቸው እያሉ እኔ ምን አግብቶኝ?” አለች ተንከባካቢዋ፣ ፈገግ ብላ።

የሸሚዙ ቁልፍ አመለጠቻቸው። ደግማ አመለጠቻቸው። ከዚያ ቀዳዳዋ ውስጥ ገባች። አዛውንቱ በረጅሙ ተነፈሱና ቀና ብለው ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሷ ቃኟት።

“ነይ እስቲ ወዲህ። አዛንፈሽ ቆልፈሽ ነው ሥራ የምትሄጂው?”

ልጃቸው ኮቷን አየች፤ እውነትም ተዛንፏል። የመኪናዋን ቁልፍ ለተንከባካቢዋ አቀበለችና አባቷ ፊት ተንበረከከች። የሚንቀጠቀጡት ጣቶች አንድ በአንድ ፈትተው እንደገና ቆልፈውላት እስኪጨርሱ፣ ስለ ሰዓት ትንፍሽ አላለችም።