ቀዩ ገመድ

ማሽኑ የአለቃዋን እጅ እስከ ክርኑ ሲውጠው «ገመዱን! ገመዱን ሳቢው!» ብሎ ጮኸ። ሠራተኛዋ እጇን ወደ ላይ ወረወረች፤ የጨበጠችው ግን ባዶ አየር ነበር። ማሽኑን የሚያስቆመውን ቀይ ገመድ ጠዋት እሱ ራሱ ቆርጦ አውርዶታል። «ይሄ ያለፈበት የጥራት ዘዴ ነው፤ ሥራ ከማስቆም በቀር ምን ፈየደ? አሁን አዲስ መጥቷል» ሲል፣ «ጋሼ፣ የአምናውንም እኮ ገና አልለመድነውም» ብላው ነበር። ስቆባታል።

የብረት ዘንግ አንስታ የማሽኑ ጥርሶች መሀል ወሸቀች። ማሽኑ እያቃሰተ ቆመ። ተጎትቶ የወጣው እጅ እጅ አይመስልም፤ ደሙ ፊቷ ላይ ይረጫል። ማሰሪያ ፍለጋ የእሱን ጋዋን ኪስ በረበረች። ቀዩ ገመድ ተጠቅልሎ እዚያው ተቀምጧል። ከክርኑ በላይ ጠመጠመችው፤ ትከሻውን በእግሯ ረግጣ ባለ በሌለ ኃይሏ ጎተተች።

«ይኸው ሳብኩት፣ ጋሼ» አለችው።