የአንድ ሰው መኪና

አባይነህ ሰባት ቤት ሳይቆጥር መኪና የማይገዛ ሰው ነው። አንድ የጃንሆይ ዘመን ጥቁር አውቶሞቢል ላይ ነገ ሊጫረት ቆርጧል፤ ቤቱን ሳይቀር ሸጦለታል። ሊብሬውን አገላብጧል፣ የፒያሳን ሽማግሌ መካኒኮች አንድ በአንድ ጠይቋል። ሁሉም «የአንድ ሰው መኪና ነው፤ ሌላ እጅ አልነካውም» አሉት።

ዛሬ ጠዋት አንድ የግራ ጥርሱን አስነቅሎ፣ ጥጥ እንደ ነከሰ መኪናውን ሊያይ ጊዮርጊስ አጠገብ ወዳለው ግቢ ሄደ። የሟቹ ባለመኪና ልጅ እማማ የሺዓለም ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ከፈቱለት። ገብቶ ተቀመጠና ከመሪው ሥር ሲዳብስ ጣቱ እርጥብ ነገር ላይ ተጣበቀ።

የታኘከ ማስቲካ! ለሃጩ ገና አልደረቀም፤ ናና ናና ይሸታል። ጣቱን ሱሪው ላይ ቢፈትግ ቢፈትግ አልለቅ አለው።

«ኤጭ! እማማ፣ እዚህ ማነው እየገባ ማስቲካ የሚለጥፈው?»

«ማን ይገባል ልጄ? አባቴ ካረፉ ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ተዘግቶ የኖረ ነው። እሳቸው ናቸው እያኘኩ እዚያ የሚለጥፉት፤ ስጸየፈው ነው ያደግሁት።»

አባይነህ ማስቲካውን ወደ ብርሃን አወጣው። የጥርስ ረድፍ ታትሞበታል። በግራ በኩል አንዱ ጎድሏል፤ የጎደለበት ቦታ ላይ ደም አለ።

«አባትዎ ጥርሳቸው ጎድሎ ነበር?»

«ኧረ ወዲያ! አንዲት ሳትጎድል ነው የተቀበሩት።»

አባይነህ ምላሱን ወደ ጥጡ ሰደደ። ጥጡ የለም። አፉ ናና ናና ይላል።