የትራክተሩ ድምፅ

የአሮጌው ትራክተር የአየር ፊልትሮ ተጣብቆ አልወጣ አለ። ቀነኒ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ይዛ በሁለት እጇ ጎተተችው። ሥራ ፍለጋ ከሄደ ዓመታት ያለፉት ባሏ ቶሌሳ ከጅዳ ሆኖ እየነገራት ነበር።

«አትጎትቺው! ዳር ዳሩን በካቻቢቴ ፈልቅቂና እያዞርሽ አውጪው።»

እንዳላት ስታደርግ የመንደራቸውን የቦኬን አቧራ እያራገፈ ወጣ። የፊልትሮውን ማስቀመጫ በጨርቅ ጠርጋ አዲሱን አስገባች። ሞተሩን ስታስነሳው ትራክተሩ ጥቁር ጭስ ተፋና ድምፁ ጠራ።

«ተነሳ!» ብላ ጮኸች። «ቶሌሳ? ተቆረጠ እንዴ?»

«አልተቆረጠም» አላት። ድምፁ ተለውጧል። «አታጥፊው ቀነኒዬ፤ ትንሽ ልስማው።»

ናፍታ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ያላት ለእርሻው እንኳ አይበቃም። ቢሆንም ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠግታ፣ ክንዷ እስኪዝል ድረስ ያዘችለት።