እናቴ ትሙት

ሲጋራ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች በሚታከሙበት ክፍል የምትሠራውን ነርስ ባልደረቦቿ «አፍንጫ» ይሏታል። ሰው ገና በኮሪደሩ ሲመጣ ማጨሱን፣ ካጨሰም በኋላ ማስቲካ ማኘኩን ትናገራለች። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ቀንም ተሳስታ አታውቅም።

ይኸው አፍንጫዋ ግን ፍዳዋም ነው። አጫሾች የአመድ ትንፋሽ ሲለቁባት ፊቷን ታዞራለች። ቢጫ ጥርስ፣ የጠቆረ ጣት፣ አክታ የተቋጠረበት መሐረብ፣ በር ላይ ባለው የአበባ ማሰሮ ውስጥ ምራቅ ጠጥቶ ያበጠ የሲጋራ ቁራጭ፤ ሁሉም ያስጠላታል። ከሁሉ የሚብስባት ግን መሐላቸው ነው። «እናቴ ትሙት፣ አፌ አልገባም!» ይሏታል። ለአንዲት ሲጋራ ብለው እናታቸውን በየሳምንቱ ይገድላሉ።

ከታካሚዎቿ አንዱ ልብስ ሰፊ ነው፤ ዛሬ አራተኛ ሳምንቱ ነበር። የእግሩ ደም ስር ተዘግቶ ሁለት ጣቶቹ መጥቆር ጀምረዋል። ቀዶ ሐኪሙ ነገሩን ቁርጥ አድርጎ ነግሮታል፦ ማጨሱን ከተወ ደም ስሩ ይከፈትለታል፤ ካልተወ ግን ቁስሉ ስለማይድን ቢላዋ አያነሳም። መተዉን በፊርማዋ የምታረጋግጠው ነርሷ ናት። ፊርማዋ ከቀረ እግሩ ይቆረጣል። የስፌት መኪናውን የሚረግጠው ደግሞ በዚያው እግሩ ነው።

ከሚስቱ ጋር ገባ። ነርሷ እንደ ልማዷ አየሩን ሳብ አደረገች። ሳሙና። ትኩስ ዳቦ። ሌላ ምንም።

«ተዘጋጅቶበት ነው የመጣው» አለች በሆዷ፤ ይበልጥም ተጸየፈችው። ባለፈው ሳምንት እሱ ከወጣ በኋላ የአበባ ማሰሮውን ፈትሻ፣ ጫፉ የታኘከ ቁራጭ አግኝታለች። የማን እንደሆነ ማንንም አልጠየቀችም። መጠየቅም አላስፈለጋትም።

«እንዴት ሰነበቱ ጋሼ?»

«ራሴን ነው ሲስተር። ለሁለት ይከፍለኛል። ያቅለሸልሸኛልም።»

«ሱስ ሲለቅ እንደሱ ነው» አለች፤ ቀጥላም «ከለቀቀ» ብላ ጨመረችበት።

«የሰጡትን የሱስ ማስታገሻ ማስቲካ ያኝካል፣ ፕላስተሩን ይለጥፋል» አለች ሚስቱ እያዛጋች። «መስኮቱንም እርስዎ እንዳሉን፣ የጎረቤት ሲጋራ እንዳይፈትነው ጥርቅም አድርገን ነው የምንውለው። ወር ሊሞላን ነው። ደግነቱ ብርድ አናውቅም። ከቤታችን ሥር ዳቦ ቤት አለ፤ የምድጃው ሙቀት በወለሉ ይመጣልናል። ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ እንኳ እንዴት ተመችቷት እንደምትተኛ!»

ነርሷ ለወሬው ጆሮም አልሰጠችው። ማሽኗን ከመሳቢያ እያወጣች ነበር። የእጅ ስልክ የምታክል ማሽን ናት። ሲጋራም ይሁን ከሰል፣ የሚነድ ነገር የሚተፋውን፣ ዓይን የማያየውን፣ አፍንጫም የማያሸተውን፣ ሲበዛም የሚገድለውን ጋዝ ከሰው ትንፋሽ ውስጥ ትቆጥራለች። ከስድስት በታች ከሆነ ሰውየው ንጹሕ ነው። ልብስ ሰፊው መጀመሪያ የመጣ ቀን፣ ገና እያጨሰ፣ አሥራ ስምንት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሃያ ሁለት። በሦስተኛው ሃያ ስድስት።

ሰውየው ትንፋሹን ሰብስቦ ነፋ። ሠላሳ አንድ።

«ዓይንዎን በጨው አጥበው መጡ!» አለች ነርሷ። «ይተዋሉ ስንል ጭራሽ ጨመሩበት።»

«አላጨስኩም ሲስተር።»

«የኔን አፍንጫ በሳሙና ያታልሉት ይሆናል። ማሽን ግን አይታለልም።»

ልብስ ሰፊው የታመመ እግሩን ቁልቁል ተመለከተ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ነርሷን እንባውም አስጠላት፤ የአጫሽ እንባ በስምንት ዓመት ውስጥ ጠግባዋለች። ወረቀቱን ሳበችና «አልተወም» በሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

ሚስቱ ይህን ስታይ ብድግ አለች። ወዲያው ግን አዞራትና የወንበሩን መደገፊያ ያዘች።

«እናቴ ትሙት! አንዲት ሲጋራ፣ አንዲት እንኳ አላጨሰም! ቀን ከሌት አብሬው ነኝ እኮ።»

«ደግሞ እናትዎ ምን አደረጉ?» አለች ነርሷ። ባል ሲዋሽ ለምዳዋለች። ሚስት በእናቷ ምላ ስትሸፍንለት ግን አልቻለችም። «እርስዎ ያጨሳሉ?»

«እኔ? በዕድሜዬ ነክቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው ንጹሕ ትንፋሽ ምን እንደሚመስል እናሳያቸው።»

ነርሷ መጀመሪያ ራሷ ነፋች። ሁለት። ቁጥሩን ወደ ልብስ ሰፊው አዙራ አሳየችው። ከዚያ ጫፏ ላይ የሚገጠመውን የካርቶን መንፊያ ቀይራ ማሽኗን ለሚስቱ ሰጠቻት።

ሚስቱ ነፋች።

ነርሷ ቁጥሩን አየች። ማሽኗን አጥፍታ አበራቻት። ሌላ አዲስ መንፊያ ገጠመችና ደግማ አስነፋቻት። ሠላሳ ስምንት። አሁንም ያው ሠላሳ ስምንት።

አየሩን እንደገና ሳበች። ሳሙና። ትኩስ ዳቦ። ሌላ ምንም።

«ቤት ማን ቀረ?» አለች።

«እናቴ» አለች ሚስቱ ግንባሯን እያሸች። «ጠዋት ብቀሰቅሳት ብቀሰቅሳት አልነቃ አለችኝ። ትተኛ ብዬ በሩን ዘግቼባት መጣሁ።»