ፖስተሩ ላይ የቀሩት ጣቶች

በኦፓቫ ከተማ በየዓመቱ ለሟቹ ዳንሰኛ ለሌዎሽ መታሰቢያ በሚካሄደው የበረዶ ላይ ዳንስ ውድድር፣ መግቢያው ላይ የሚሰቀለው ፖስተር ያው ነበር። ሟቹ ብቻውን ፈገግ ብሎ ይታያል፤ አብራው የምትደንሰውን ሴት ከፎቶው ቆርጠው ሲያወጧት ግን መዳፉ ውስጥ የነበሩት አራት ጣቶቿ ቀርተዋል። ቦዠና የሜዳሊያውን ትሪ እንደያዘች፣ ለአሥራ ዘጠነኛ ዓመት፣ የራሷን ጣቶች ቆማ አየቻቸው።

"የማን እጅ ነው?" አለች ያሸነፈችው ልጅ ላቧን እየጠረገች።

ውድድሩን የምታዘጋጀው የሟቹ ሚስት ቦዠናን ቀደመቻት። "የኔ ነዋ፣ የኔ ቆንጆ!" በሕይወቷ አንድም ቀን የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ አጥልቃ አታውቅም።

"ውይ እማማ! እንግዲያው ይምከሩኛ፤ መዞሪያው ላይ ሁልጊዜ እንገዳገዳለሁ።"

ሴትዮዋ ደነገጠች። "ዛሬ ጉሮሮዬን አሞኛል። ቦዢ፣ እስቲ አንቺ ንገሪያት፤ ስንለማመድ ቁጭ ብለሽ ታዪን አልነበር?"

እውነቱ የቦዠና ምላስ ላይ ነበር። ከተናገረች ግን በሚቀጥለው ዓመት ትሪውን ሌላ ሰው ይይዘዋል፤ እሷ ደግሞ ከበረዶው አጠገብ የምትቆምበት ቀን ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

"አዎ፣ ቁጭ ብዬ አያችሁ ነበር" አለች ቦዠና። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። "ስትዞሪ ክብደትሽን ሁሉ የአጣማሪሽ እጅ ላይ አትጣይ።"